ከሉዘር ጫካ እስከ ሳምቡሳችን መጥበሻ



ኢንዶኔዥያ ሲባል አብዛኞቻችን ትዝ የሚለን የሙስሊሙ ቁጥርና ሐጅ ላይ በሥርዓት ተሰልፈው የሚሄዱት ሐጃጆች ናቸው። እውነት ነው፣ ከ200 ሚሊዮን በላይ ሙስሊም የሚኖርባት ሀገር ናት። ዛሬ ግን ላወራችሁ የፈለግኩት ስለ አንድ ጫካዋ ነው። ጫካው በሱማትራ ደሴት ሰሜናዊ ክፍል የሚገኝ ሲሆን ጉኑንግ ሉዘር ብሔራዊ ፓርክ ይባላል። «ጉኑንግ» በእነሱ ቋንቋ ተራራ ማለት ነው።

«የእነሱ ጫካ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» የሚል ካለ ታግሶ ያንብብ። ጫካው ከምናስበው በላይ ቅርብ ነው፤ በየቤታችን ጓዳ ውስጥ አለ።

የመካ በረንዳ

የሉዘር ሰፊው ክፍል ያለው አቼ በሚባለው ክፍለ ሀገር ውስጥ ነው። አቼ «የመካ በረንዳ» የሚል የቆየ ቅጽል ስም አላት። በመርከብ ዘመን ከየደሴቱ ለሐጅ የሚነሱ ሰዎች የሕንድ ውቅያኖስን ከማቋረጣቸው በፊት የሚያርፉት እዚያ ነበር። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 26 ቀን 2004 ሱናሚ የመታት፣ ዓለም ያለቀሰላት አቼም ይህችው ናት።

ከባሕሩ ዳርቻ ጀርባ ተራሮች ይነሳሉ፤ ተራሮቹን ደን ሸፍኗቸዋል። ፓርኩ ወደ 8,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ ከባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርካችን ከሦስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ዙሪያውን ያለው ተያያዥ ደን ሲጨመርበት ደግሞ ወደ 26,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይደርሳል።

ይህን ደን ለመጠበቅ የተጀመረው ጥረት የዛሬ አይደለም። በደች ቅኝ ግዛት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ፣ ነዳጅና ማዕድን ፈላጊዎች ወደ ተራሮቹ ሲመጡ የአቼ ባላባቶች ደኑ እንዲጠበቅ ጠየቁ። በ1934 ታፓክቱዋን በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ጥበቃውን የሚደነግግ ስምምነት ተፈረመ። በ1980 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። በ2004 ዩኔስኮ ከሌሎች ሁለት የሱማትራ ፓርኮች ጋር በዓለም ቅርስነት መዘገበው፤ በ2011 ደግሞ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። በሰባት ዓመት ውስጥ ከክብር መዝገብ ወደ ሥጋት መዝገብ ማለት ነው።

ወደ ጫካው

ማሌዥያ ስማር የዶርም ጓደኛዬ የሜዳን ከተማ ልጅ ነበር። ሜዳን የሰሜን ሱማትራ ትልቋ ከተማ ስትሆን ከኳላላምፑር በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ብትርቅ ነው። በሴሚስተር እረፍት ቤተሰቦቹ ጋር ይዞኝ ሄደ፤ ከዚያም ሦስት ቀን ጫካውን አሳየኝ።

ከሜዳን ወደ ፓርኩ መግቢያ፣ ወደ ቡኪት ላዋንግ መንደር፣ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ግን ጠባብና የተጎዳ በመሆኑ ግማሽ ቀን ይፈጃል። በመስኮት የሚታየው ከአንድ ዛፍ በቀር ሌላ አይደለም፤ የዘይት ዘንባባ። ቀኝ ዘንባባ፣ ግራ ዘንባባ፣ ኮረብታው ላይ ዘንባባ። በመስመር የተተከለ፣ እኩል ቁመት ያለው። ቀይ ፍሬ እስከ አፋቸው የተጫኑ አይሱዙ መኪኖች በየደቂቃው ያልፉናል። ጓደኛዬ «አያቴ ልጅ እያለ ይሄ ሁሉ ጫካ ነበር» አለኝ።

ቡኪት ላዋንግ ቦሆሮክ በሚባል ወንዝ ዳር የተቀመጠች መንደር ናት። ከወንዙ ማዶ ፓርኩ ይጀምራል። ማታ ደረስን። ጠዋት የፈጅርን ሰላት መስጊድ ሰግደን ስንወጣ ከማዶ ያለው ደን መጮህ ጀመረ። ጊቦን የሚባሉት ረጅም እጅ ያላቸው ዝንጀሮ መሰል እንስሳት ናቸው። ወንዱና ሴቷ እየተቀባበሉ ድምፃቸውን ከዝቅታ ወደ ከፍታ ይስቡታል። ሲያማንግ የሚባለው ጥቁሩ ዘመዳቸው ደግሞ ጉሮሮው ሥር ያለውን ከረጢት እንደ ፊኛ ነፍቶ ይጮኻል፤ ድምፁ ኪሎ ሜትሮችን አልፎ ይሰማል። አዛኑ እንዳበቃ የእነሱ ድምፅ ሲቀጥል ሱብሓነላህ ከማለት ሌላ ምን ይባላል?

አስጎብኚያችን የመንደሩ ተወላጅ፣ አርባ ዓመት ገደማ የሆነው ሰው ነበር። «ባንግ» ብለን ነበር የምንጠራው፤ በእነሱ ዘንድ ታላቅ ወንድም ማለት ነው። ከመግባታችን በፊት ሕጉን ነገረን። ለእንስሳ ምግብ አይሰጥም። ወደ ኦራንጉታን ከአሥር ሜትር በላይ አይቀረብም። ጉንፋን ያለበት አይገባም፤ ምክንያቱም የእኛ ጉንፋን ለእነሱ ሞት ሊሆን ይችላል። ከዚያ ካልሲያችንን ሱሪያችን ላይ አስጎተተን። «ለአልቅት ነው» አለ። አልቅቱ ግን ካልሲ አላገደውም፤ ማታ ላይ እግሬ ላይ አምስት ቆጠርኩ።

ጫካው ውስጥ ጸሐይ የለም ማለት ይቻላል። ከላይ አርባና ሃምሳ ሜትር የሚረዝሙት ዛፎች ቅጠላቸውን ገጥመው ጣሪያ ሠርተዋል፤ ከሥራቸው ሌላ የዛፍ ፎቅ፣ ከዚያ ሥር ደግሞ ሌላ። ዓመቱን ሙሉ ስለሚዘንብ አየሩ እርጥብ ነው፤ ሳንራመድ ያልበን ነበር። የሚገርመው፣ ይህን ሁሉ ዛፍ የተሸከመው አፈር አብዛኛው ደካማ ነው። ምግቡ ያለው በራሳቸው በዛፎቹ ላይና መሬት ላይ በሚበሰብሰው ቅጠል ውስጥ ነው። ቅጠሉ ይወድቃል፣ በፍጥነት ይበሰብሳል፣ ሥሮቹ መልሰው ይመጡታል። ዛፉን ቆርጦ የወሰደ ሰው የአፈሩን ሀብት አብሮ ወሰደ ማለት ነው፤ የቀረውን ዝናቡ ያጥበዋል።

የጫካው ሰው

ኦራንጉታን የማላይ ቃል ነው። «ኦራንግ» ሰው፣ «ሁታን» ጫካ፤ የጫካ ሰው ማለት ነው። በሁለተኛው ሰዓት ላይ ባንግ እጁን አንስቶ አስቆመን። ከራሳችን በላይ ቅርንጫፍ ሰበር አለ፤ ቀይ ቡናማ ፀጉር ታየን። እናት ናት፤ ልጇ ወገቧ ላይ ተጣብቋል። ከዛፍ ወደ ዛፍ አትዘልም፤ ቀጭኑን ዛፍ በክብደቷ እያወዛወዘች ወደ ቀጣዩ ታጠጋዋለች፣ ከዚያ ትሻገራለች። ልጁ ሊሻገር የማይችለው ክፍተት ሲመጣ እሷ በአንድ እጅ ይህን፣ በአንድ እጅ ያንን ዛፍ ይዛ ሰውነቷን ድልድይ አደረገችለት። እሱም በጀርባዋ ላይ ተራመደ።

የሱማትራ ኦራንጉታን በአማካይ በዘጠኝ ዓመት አንድ ጊዜ ነው የምትወልደው ተብሎ ይገመታል። በእነዚያ ዓመታት ልጇን የትኛው ፍሬ መቼ እንደሚበስል፣ ማታ ማታ ከቅርንጫፍ አልጋ እንዴት እንደሚሠራ ታስተምረዋለች። በዱር የቀሩት እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገ ግምት 14,000 ያህል ናቸው። እንዲህ በዝግታ የሚወልድ እንስሳ ላይ አንድ እናት ስትገደል የሚጎድለው አንድ ነፍስ ብቻ አይደለም። ልጁን ለማዳ አድርጎ ለመሸጥ የሚፈልግ አዳኝ ደግሞ ልጁን የሚያገኘው እናቲቱን ገድሎ ነው። ቡኪት ላዋንግ የታወቀችውም ከዚህ የተነሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ከሰው ቤት የተነጠቁ ኦራንጉታኖች ወደ ዱር ኑሮ የሚመለሱበት ማዕከል እዚያ ተከፈተ።

አንድ ነገር ልጨምርላችሁ። በዚሁ ፓርክ ውስጥ፣ ሱዋቅ በሚባል ረግረጋማ ቦታ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ተመራማሪዎች ራኩስ ብለው የሰየሙት ወንድ ኦራንጉታን ፊቱ ላይ ቆሰለ። ከሦስት ቀን በኋላ አንድ ሐረግ ቆርጦ ቅጠሉን ሲያኝክ አዩት። ጭማቂውን በጣቱ ደጋግሞ ቁስሉ ላይ ቀባ፤ ከዚያ የታኘከውን ቅጠል እንደ ፋሻ ለጠፈበት። ቁስሉ በቀናት ውስጥ ተዘጋ። ሐረጉን የአካባቢው ሰዎች አካር ኩኒንግ፣ ቢጫ ሥር፣ ይሉታል፤ እነሱም ለመድኃኒት ይጠቀሙበታል። ጥናቱ በ2024 ታትሞ ዓለም ተደነቀ። የዱር እንስሳ በታወቀ የመድኃኒት ተክል ቁስሉን ሲያክም የተመዘገበው ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ለንብ ያለችበትን ቤት አሠራር ያሳወቃት ጌታ ለራኩስም ቅጠሉን አሳወቀው።

ኢማን የምትባል አውራሪስ

ኦራንጉታን፣ ታይገር፣ ዝሆንና አውራሪስ በአንድ ደን አብረው የሚኖሩበት የመጨረሻው ቦታ ሉዘር ነው። በሦስት ቀን ውስጥ ያየሁት ከአራቱ አንዱን ብቻ ነው። ባንግ ዕድሜውን ሙሉ ጫካው ውስጥ ኖሮ አውራሪስ በዓይኑ አላየም። የሱማትራ አውራሪስ ከአውራሪሶች ሁሉ ትንሹና ፀጉር ያለው ነው፤ በዱር የቀሩት ከሃምሳ እንደማይበልጡ ይገመታል። ማሌዥያ ውስጥ የመጨረሻዋ የዚህ ዝርያ አውራሪስ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2019 ሞተች። ስሟ ኢማን ነበር። ዜናውን ስሰማ ስሟ ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ።

ሌሎችም አሉ። ቶማስ የሚባለው ጦጣ ግንባሩ ላይ የቆመ ፀጉር ያለው፣ ከሰሜን ሱማትራ ውጭ የትም የማይገኝ ነው። ሆርንቢል የሚባሉት፣ እንደኛ እርኩም ትልቅ ምንቃር ያላቸው ወፎች ሲበሩ ክንፋቸው እንደ ባቡር ይተነፍሳል። መሬቱ ላይ ደግሞ ራፍሌሲያ አለች፤ ቅጠልም ግንድም የላትም፣ በሐረግ ሥር ተደብቃ ትኖርና አበባዋ ብቻ ይወጣል። ትልቁ ዓይነት እስከ አንድ ሜትር ይሰፋል፤ ሽታው የበሰበሰ ሥጋ ነው፣ ዝንብ ለመጥራት። አበባው የሚቆየው ቀናት ብቻ በመሆኑ እኛ የደረስነው ጠቁሮ ከከሰመ በኋላ ነበር።

ዙህርና ዐስርን በወንዙ ዳር አሳጥረን ሰገድን። ለውዱእ የነካሁት ውሃ ቀዝቃዛና የጠጠሩ ቀለም እስኪለይ ድረስ ጥርት ያለ ነበር። ባንግ ግን ይህ ወንዝ ሌላም ፊት እንዳለው ነገረን። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 2003 ሌሊት ደራሽ ጎርፍ ግንድ እየተሸከመ መጥቶ መንደሩን ጠራረገ፤ ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ከላይ በሕገ ወጥ መንገድ የተቆረጠው ደን ጎርፉን አባብሶታል ብለው ብዙዎች ይናገራሉ። «ጫካው ከእኛ በላይ ነው የተቀመጠው» አለ ባንግ፤ «እሱ ላይ የሠራነው እኛ ላይ ይወርዳል።»

ሰዎቹስ?

ድሀውን ገበሬ መክሰስ ቀላል ነው። የጓደኛዬ አጎት ሁለት ሄክታር የዘይት ዘንባባ አላቸው። በመመለሻችን ቤታቸው ምሳ ጋበዙን። ስለ ጫካው ሳነሳባቸው ሳይቆጡ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ሦስት ልጆቼን ዩኒቨርሲቲ ያስገባው ይሄ ዘንባባ ነው። ጫካ ጠብቁ የሚለን ሁሉ ፎቶ አንስቶ ይሄዳል።» ይህንን መልስ አቃልዬ ማለፍ አልፈልግም። ዘንባባው ከአንድ ሄክታር የሚሰጠው ዘይት ከሱፍም ከአኩሪ አተርም ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ችግሩ ዛፉ ሳይሆን የተተከለበት ቦታ ነው፤ ቀድሞ በተመነጠረ መሬት ነው ወይስ ኦራንጉታኗ በምትኖርበት?

የተለወጡ ሰዎችም አሉ። ከቡኪት ላዋንግ ብዙም በማይርቀው ታንግካሃን የተባለ ቦታ ነዋሪዎቹ በሕገ ወጥ እንጨት ቆረጣ ይተዳደሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ተሰብስበው መቁረጥ ለማቆም ወሰኑ፤ ትናንት መጋዝ ይዘው የገቡበትን ደን ዛሬ እንግዳ እያስጎበኙ ይኖሩበታል። በአቼ ተራሮች ዳማራን ባሩ በምትባል መንደር ደግሞ በጎርፍ የተጎዱ ሴቶች ሒጃባቸውን ለብሰው ደኑን የሚጠብቅ ቡድን መሠረቱ፤ በ2019 ከመንግሥት ሕጋዊ ፈቃድ አገኙ።

ዑለማዎቹም ዝም አላሉም። እ.ኤ.አ. በ2014 የኢንዶኔዥያ ዑለማዎች ምክር ቤት ሊጠፉ የተቃረቡ እንስሳትን ያለ ሸሪዓዊ ምክንያትና ከሕግ ውጭ ማደንና መነገድ ሐራም መሆኑን የሚገልጽ ፈትዋ አወጣ። በ2016 ደግሞ ደንን አቃጥሎ መሬት መመንጠር ሐራም ነው አለ። ነገሩ ለዲናችን አዲስ አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መዲናን ሐረም ሲያደርጉ ዛፏ እንዳይቆረጥና አውሬዋ እንዳይታደን ከልክለዋል። የተጠማ ውሻ ያጠጣ ሰው ምሕረት እንዳገኘ፣ ድመት አስራ በረሃብ የገደለች ሴት ደግሞ እንደተቀጣች ያልሰማ ማን አለ?

ከመጥበሻችን ጋር ምን አገናኘው?

ረመዳን ሲቃረብ እናቶቻችን ሸማቾች ማኅበር በር ላይ ጀሪካን ይዘው የሚሰለፉት ለየትኛው ዘይት ነው? አብዛኛው ሀገራችን የሚገባው የሚረጋው የፓልም ዘይት ነው፤ የሚመጣውም በብዛት ከኢንዶኔዥያና ከማሌዥያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የጸደይ ወራት ኢንዶኔዥያ ለሳምንታት ወደ ውጭ እንዳይላክ ስትከለክል ከእኛ ጭምር በሩቅ ያሉ ገበያዎች ሁሉ ደንግጠዋል። የኢፍጣር ሳምቡሳ የሚጠበሰው በዚያው ቀይ ፍሬ ጭማቂ ነው።

እዚህ ላይ ግልጽ ልሁን። እኔ ሙፍቲ አይደለሁም፤ የፓልም ዘይትን ሐራም ያለ ዓሊምም አላውቅም። ከእናቴ ጀሪካን ነጥቄ «የጫካ ደም ነው» የምልም አይደለሁም፤ የኑግ ዘይት ዋጋ ስንት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የምለው ይህን ነው። እኛ ወጣቶች አንድ ምግብ ሲቀርብልን «ሐላል ነው?» ብለን መጠየቅ ጎበዞች ነን፤ ይህ ጥሩ ነው። የሉዘር ዑለማዎችና የመንደር ሴቶች ያስተማሩኝ ግን ጥያቄው ሳህኑ ላይ አያበቃም። ከየት መጣ? ማን ተፈናቀለበት? እዚህ ለመድረስ ምን ጠፋበት? ይህም የዚያው ጥያቄ ግማሽ ነው።

ከዚህ ተነስተን በአቅማችን የምናደርገው አለ።

አንደኛ፣ ኢስራፍን እንተው። በረመዳን ስንት ሊትር ዘይት ነው አንድ ማታ ተጠብሶበት የሚደፋው? ብክነትን መተው ገንዘብ አይጠይቅም፤ እንዲያውም ይቆጥባል።

ሁለተኛ፣ በንግድና በአስመጪነት ሥራ ውስጥ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ደን ሳይመነጠር መመረቱ የተረጋገጠለት የፓልም ዘይት በዓለም ገበያ አለ። ሻጩን ጠይቁ። ጠያቂ ሲበዛ አቅራቢ ይበዛል። ኑግ፣ ሰሊጥና ሱፍ የሚበቅልባት ሀገር ልጆች መሆናችንንም አንርሳ፤ በዚያ ዘርፍ የሚሠማራ ወጣት ሁለት ነገር ያተርፋል።

ሦስተኛ፣ የራሳችንን እንወቅ። ባሌ ውስጥ የሐረና ደን አለ። ጫካ ቡና የሚበቅልበት፣ የባሌ ጦጣ የሚኖርበት፣ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አካል የሆነ ደን። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ስንቶቻችን ነን ሄደን ያየነው? ሉዘርም በክብር ተመዝግቦ ነበር፤ በሰባት ዓመቱ ነው የሥጋት ዝርዝር ውስጥ የገባው። መዝገብ ደን አይጠብቅም፤ ደን የሚጠብቀው ሰው ነው።

አራተኛ፣ በየመስጊዱ ያሉ ኡስታዞቻችን ስለዚህ አማና ኹጥባ እንዲያደርጉ በአደብ እንጠይቅ። የኢንዶኔዥያው ፈትዋ ከሰማይ አልወረደም፤ ጥያቄ ይዘው ወደ ዑለማዎቹ የሄዱ ሰዎች ስለነበሩ ነው።

ምድር ላይ ምትክ (ኸሊፋ) ተደርገን ተቀምጠናል ስንል፣ የተሰጠን የባለቤትነት ካርታ ሳይሆን የአደራ ወረቀት ነው። ራኩስ ቅጠሉን የሚያገኘው ሐረጉ ከቆመ ነው። ሐረጉ የሚቆመው ዛፉ ከቆመ ነው። ዛፉ ይቁም አይቁም የሚወሰነው ግን ጫካው ውስጥ ብቻ አይደለም፤ ገበያው ላይም ነው፣ እኛም ገበያው ውስጥ አለን። አላህ አደራውን ከሚጠብቁት ያድርገን።

ወላሁ አዕለም። ጽሑፉ ይጠቅማል ብላችሁ ካሰባችሁ ለሌሎችም አድርሱት።